ክብ የሮቶ መሠረት አሠራር፦ ሬዲየስ፣ ዲያሜትርና ዙሪያን በሲባጎ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ለገጣፎ፤ አዲስ አበባ ዳር ዳሩን ቤት የሠራ ሰው ግቢው ውስጥ ሮቶ አያጣም። ውሃ በፈረቃ ነውና። ሮቶ ሲሞላ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። 2,000 ሊትር ውሃ 2,000 ኪሎ ይመዝናል፤ 20 ኩንታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከም ደልዳላ መሠረት ያስፈልገዋል።

ሮቶው ክብ ስለሆነ መሠረቱንም ክብ ማድረግ ያምራል፤ ኮንክሪትም ይቆጥባል። ብዙ ጊዜ ግን ግንበኛው «አራት ማዕዘን ይሁን፣ ክብ ያስቸግራል» ይላል። ባለቤቱም ይስማማል። የሚያስቸግረው ሥራው ሳይሆን ልኬቱ ስለሚመስል ነው። ልኬቱን አንዴ ከጨበጣችሁት ክብ ከአራት ማዕዘን ይቀላል ብዬ አምናለሁ። አራት ማዕዘን ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ) ይፈልጋል፤ አራት ጥግ ይፈልጋል። ክብ የሚፈልገው አንድ ችካልና አንድ ክር ብቻ ነው።

ስምንተኛ ክፍል የተማርነው ሬዲየስ፣ ዲያሜትርና መጠነ ዙሪያ እዚህ ሥራ ላይ ሦስቱም ይገባሉ። ልብ የሚባለው ነገር፣ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው። ሱቅ ውስጥ የሚለካው ዙሪያው ነው። መሬት ላይ የሚሠራበት ሬዲየሱ ነው። ብረትና ላሜራ የሚቆረጠው እንደገና በዙሪያው ነው። ዲያሜትሩ በመሃል ሆኖ ሁለቱን ያገናኛል።

የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፦ ባለ 5 ሜትር መለኪያ፣ ሲባጎ፣ ቀጭን የማይለጠጥ ሽቦ፣ ጠንካራ ችካል፣ ምስማር፣ መዶሻ፣ ኖራ፣ ጠመኔ፣ ውሃ ልክ። ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ለስሌቱ ይበቃል።

ሦስቱን እናስታውስ

ሬዲየስ ከክቡ መሃል እስከ ዳሩ ያለው ርቀት ነው። ዲያሜትር ከዳር እስከ ዳር፣ መሃሉን አቋርጦ ያለው ነው። ስለዚህ ዲያሜትር የሬዲየስ እጥፍ ነው። ዙሪያ ደግሞ ዳሩን አንዴ ዞረን የምናገኘው ርዝመት ነው።

ዙሪያን ለዲያሜትር ስናካፍል ሁልጊዜ የሚመጣው ቁጥር አንድ ነው። እሱም ፓይ ይባላል፤ 3.14159 እያለ ማለቂያ የለውም። ለግቢ ሥራ 3.14 ይበቃል።

ዙሪያ = 3.14 × ዲያሜትር
ዲያሜትር = ዙሪያ ÷ 3.14
ሬዲየስ = ዲያሜትር ÷ 2

ሌላ የሚሸመደድ ነገር የለም።

1. መጀመሪያ በእጃችሁ እዩት

ቀመሩን ማመን ብቻ አይበቃም፤ ማየት ጥሩ ነው። በተለይ ልጆች ቤት ካሉ ጥሯቸው። ከወጥ ቤት ምጣድ ወይም ትሪ አምጡ። ሲባጎውን በዳሩ አንዴ አዙሩና ጫፉ በተገናኘበት ቁረጡ። ከዚያ ያንኑ ሲባጎ በምጣዱ መሃል ከዳር እስከ ዳር ዘርጉት። አንድ ጊዜ ይሄዳል፣ መልሱት ሁለት፣ መልሱት ሦስት። ከሦስተኛው በኋላ ትንሽ ቁራጭ ይተርፋል። ያ ቁራጭ የዲያሜትሩን አንድ ሰባተኛ ያህል ነው።

ምጣዱ 60 ሴንቲ ዲያሜትር ካለው ሲባጎው 188 ሴንቲ ተኩል ገደማ ይሆናል፤ የሚተርፈውም 8 ሴንቲ ተኩል ገደማ። አሁን በቡና ስኒ ማስቀመጫ ሞክሩት። ከዚያ በመኪና ጎማ። ዕቃው ቢለያይም ሦስት ጊዜ ሄዶ አንድ ሰባተኛው ይተርፋል። ክብ ሁሉ ቅርጹ አንድ ነው፤ የሚለያየው በትልቅነት ብቻ ነው። ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን ዙሪያውም እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ቁጥሩ የማይቀየረው።

2. ሮቶውን ለኩ፤ በዙሪያው

ሮቶ ከመምጣቱ በፊት መሠረቱ መድረቅ ስላለበት ልኬቱ የሚወሰደው ሱቅ ላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው መለኪያውን ከላይ ያጋድምና «ከዳር እስከ ዳር» ይለካል። ይህ ያሳስታል። የሮቶው አናት ጎበጥ ያለ ነው፤ ክዳኑም መሃል ላይ ይገኛል። መለኪያው በትክክል መሃሉን ማለፉን የምታውቁበት መንገድ የለም። ትንሽ ወደ ጎን ከሸሸ ከዲያሜትሩ ያነሰ ልክ ይሰጣችኋል።

ስለዚህ ሲባጎውን ከታች፣ መሬት የሚነካው አካባቢ፣ ሰፊው ቦታ ላይ አዙሩት። አንድ ሰው በሌላው በኩል ይያዝ። ሲባጎው መሬቱን ተከትሎ እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፤ ሰያፍ ከሄደ ልኩን ያረዝመዋል። የሮቶው ሆድ ላይ ያሉት ሸንተረሮች ውስጥም አይግባ። ከዚያ ሲባጎውን ቀጥ አድርጋችሁ ለኩት።

408 ሴንቲ አገኛችሁ እንበል። 408 ÷ 3.14 = 130 ገደማ። ዲያሜትሩ 130 ሴንቲ፣ ሬዲየሱ 65 ሴንቲ።

ይህ ዘዴ የሚሻልበት ሌላም ምክንያት አለ። ሲባጎውን ስታዞሩ 3 ሴንቲ ብትሳሳቱ፣ ስህተቱ ለ3.14 ሲካፈል ዲያሜትሩ ላይ የሚደርሰው 1 ሴንቲ እንኳ አይሞላም። ሬዲየሱ ላይ ደግሞ ግማሽ ሴንቲ ብቻ። ዙሪያን ለክቶ ወደ መሃል መምጣት ስህተትን ያሳንሳል። በተቃራኒው ከሬዲየስ ተነስቶ ዙሪያን ማስላት ስህተትን ከስድስት እጥፍ በላይ ያሳድጋል። ይህን ያዙልኝ፤ ብረት ስንቆርጥ እንመለስበታለን።

3. መሠረቱ ምን ያህል ይስፋ?

መሠረቱ ከሮቶው ዳር ወጣ ማለት አለበት። 15 ሴንቲ ዙሪያውን እንተውለት። እዚህ ላይ «15 ስለሚጨመር ዲያሜትሩ 145 ይሆናል» የሚል አይጠፋም። 15 የሚጨመረው ሬዲየሱ ላይ ነው፤ በዲያሜትሩ በሁለቱም ጫፍ ነው የሚገባው። ስለዚህ፦

ሬዲየስ 65 + 15 = 80 ሴንቲ
ዲያሜትር 160 ሴንቲ
ዙሪያ 160 × 3.14 = 502.4 ሴንቲ

ከሮቶው ዙሪያ በ94 ሴንቲ ገደማ በለጠ። ይህ 94 ከየት መጣ? 2 × 3.14 × 15 ነው። የሮቶው ትልቅነት ውስጡ የለም። 500 ሊትር ሮቶም ቢሆን፣ 10,000 ሊትር ሮቶም ቢሆን፣ 15 ሴንቲ ወጣ ካላችሁ ዙሪያው የሚጨምረው ያው 94 ሴንቲ ነው። መሬትን በወገቧ 40,075 ኪሎ ሜትር የሚዞር ሽቦ ቢኖርና በሁሉም በኩል 15 ሴንቲ ከፍ እናድርገው ብንል፣ የሚጨመረው ሽቦ አሁንም 94 ሴንቲ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው አያምንም። ስሌቱ ግን ይኸው ፊታችሁ ነው፤ እኔ ከክብ ነገር ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

4. መሬት ላይ መሳል

ከመሳል በፊት ስለ አፈሩ አንድ ነገር። አቃቂና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ መረሬ ጥቁር አፈር ይበዛል። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እሱ ላይ በቀጥታ ኮንክሪት ማፍሰስ ገንዘብ መበተን ነው። ጥቁሩን አውጡና በገረጋንቲ (በማያብጥ የሙሌት አፈር) ሞልታችሁ እየረገጣችሁ ጠቅጥቁት። ቁፋሮው ከመሠረቱ ዳር ትንሽ ሰፋ ቢል ጥሩ ነው። ምን ያህል ጥልቀት እንደሚበቃ ቦታውን ያየ ባለሙያ ይወስን።

ከተጠቀጠቀ በኋላ መሃሉን ምረጡና ችካሉን ምቱ። ችካሉ አናት ላይ ምስማር ትከሉ። የክቡ መሃል ምስማሩ ነው፤ ችካሉ አይደለም። ችካሉ ላይ በቀጥታ ክር ያሰረ ሰው ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛ፣ ችካሉ 4 ሴንቲ ውፍረት ካለው፣ ከጎኑ የተለካው ርቀት ከመሃሉ 2 ሴንቲ ይርቃል። ሁለተኛው ይብሳል፦ ክሩ ችካሉ ላይ ከተጠመጠመ አንዴ በዞራችሁ ቁጥር 12 ሴንቲ ተኩል ይበላል። የችካሉ ዙሪያ ነውና፤ 4 × 3.14። መነሻችሁና መድረሻችሁ አይገናኙም። ክብ ሳይሆን እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚጠማዘዝ መስመር ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምስማሩ ላይ ሰፋ ያለ ቀለበት አድርጉ፣ ክሩ ሳይጠመጠም ከእናንተ ጋር ይዙር።

ለዚህ ሥራ ከሲባጎ ይልቅ ሽቦ እመርጣለሁ። የናይለን ሲባጎ ሲሳብ ይለጠጣል። አንዱ ጎን ላይ ጠበቅ፣ ሌላው ላይ ላላ ካላችሁ ክቡ ይጣመማል። ሽቦውን ምስማሩ ላይ አስገቡ፣ ከምስማሩ መሃል ልክ 80 ሴንቲ ላይ ሌላ ምስማር እሰሩበት። ምስማሩን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ መሬቱን እየጫራችሁ ዙሩ። ጭረቱ ላይ ኖራ ነስንሱ።

መሬቱ ዘቅዘቅ ካለ፣ ሱሉልታና እንጦጦ ሥር ያሉ ግቢዎች እንደዚያ ናቸው፣ ሽቦው ሁልጊዜ አግድም ይሁን። ቁልቁለቱን ተከትሎ 80 ሴንቲ የለካ ሰው ከላይ ሲታይ ከ80 ያነሰ ነው የሚያገኘው፤ ክቡም ይጠባል። በውሃ ልክ እያያችሁ ዙሩ።

5. መፈተሻ፦ ስድስት ጊዜ መርገጥ

ክቡ ተስሏል። አሁን ያንኑ 80 ሴንቲ ሽቦ ከመሃል ፍቱትና ዳሩ ላይ አንድ ነጥብ ምረጡ። ከዚያ ነጥብ ቀጥታ 80 ሴንቲ የሚርቀውን የዳር ነጥብ ምልክት አድርጉ። ከሱ ደግሞ ቀጣዩን። ስድስተኛው ላይ መነሻችሁ ላይ በትክክል ትወድቃላችሁ። ሬዲየስ ክቡን ስድስት ቦታ እኩል ይከፍለዋል። በጣም ካለፋችሁ ወይም ካነሳችሁ ክቡ አንድ ቦታ ተበላሽቷል፤ ፈልጉት።

ስድስቱን ነጥቦች አትደምስሷቸው። ኮንክሪቱ ሲፈስ ዳሩን የሚይዘውን ላሜራ የሚደግፉት ችካሎች የሚመቱት እነሱ ጋ ነው፤ ርቀታቸው እኩል ነው።

አሁን ቆም በሉና ነጥቦቹን በሲባጎ ቀጥ ቀጥ አድርጋችሁ አገናኙ። ስድስት ጎን ያለው ቅርጽ ወጣ። የያንዳንዱ ጎን ርዝመት ሬዲየሱ ነው፤ ስድስቱ ሲደመር 6 ሬዲየስ፣ ማለትም 3 ዲያሜትር። የክቡ ዳር ግን በየሁለቱ ነጥብ መሃል ወደ ውጭ ጎበጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ጎባጣ መንገድ ከቀጥታው ይረዝማል። ስለዚህ ዙሪያው ከ3 ዲያሜትር መብለጡ ግድ ነው። ክቡን ከውጭ ልክክ አድርጎ የሚይዝ አራት ማዕዘን ብትሠሩለት ደግሞ የያንዳንዱ ጎን ርዝመት ዲያሜትሩን ያክላል፤ ዙሪያው 4 ዲያሜትር ነው። ክቡ ውስጡ ስላለ ከ4 ያንሳል። ፓይ በ3 እና በ4 መሃል እንደሆነ ግቢያችሁ ውስጥ በሲባጎ አረጋገጣችሁ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የሲራኩሱ አርኪሜዲስ የጀመረው ከዚሁ ከስድስት ጎን ነው። ጎኑን እያጠፈ 12፣ 24፣ 48፣ በመጨረሻም 96 አደረሰው። ፓይ ከ3 ከ1/7 እንደሚያንስና ከ3 ከ10/71 እንደሚበልጥ አሳየ። ትምህርት ቤት የምናውቀው 22/7 ይኸው 3 ከ1/7 ነው። ይህን ያደረገው ካልኩሌተር ሳይኖረው ነው፤ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

6. ላሜራና ፌሮ መቁረጥ

እዚህ ደረጃ ላይ የሚሳሳት ሰው ብረት ያባክናል። ግንበኞች አንዳንዴ ለማቅለል «ዲያሜትሩን በሦስት አባዛው» ይላሉ። 160 × 3 = 480። ትክክለኛው 502.4 ነው። 22 ሴንቲ ያጥራል፤ ካዛፎርማው፣ ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ዙሪያውን የሚይዘው ቅርጽ ማውጫ፣ አይገጥምም። በ22/7 ብታሰሉት 502.9 ይመጣል። ከ3.14ቱ ጋር ያለው ልዩነት ግማሽ ሴንቲ ነው፤ እሱ ምንም አይደለም።

ካዛፎርማውን በላሜራ እንሥራ። 1 በ2 ሜትር ላሜራ ካላችሁ በመሠረቱ ውፍረት ልክ፣ 20 ሴንቲ እንበል፣ ባለ 2 ሜትር ረጅም ቁራጭ አውጡ። ሦስት ያስፈልጋል። ሦስቱ ተገጣጥመው ክብ ሲሆኑ ሦስት መደራረቢያ አለ፤ ለያንዳንዱ 10 ሴንቲ ብትተዉ 502 + 30 = 532። ሦስቱ ቁራጮች 600 ስለሆኑ ይበቃሉ፤ ትርፉን መጨረሻው ላይ ደርቡት። ላሜራውን ወፍራም ሽቦ ዙሪያውን አስራችሁ ስድስቱ ችካሎች ይደግፉት። ከምስማሩ 80 ሴንቲ መሆኑን በስድስቱም ቦታ፣ በመካከላቸውም ለኩ።

ፌሮው፣ ኮንክሪቱ ውስጥ የሚቀበረው ብረት፣ ከኮንክሪቱ ዳር 5 ሴንቲ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የፌሮው ቀለበት ሬዲየስ 75 ሴንቲ ነው። ዙሪያው 2 × 75 × 3.14 = 471 ሴንቲ። መደራረቢያ ይጨመርበታል፤ ስንት እንደሚሆን እንደ ብረቱ ውፍረት ይለያያልና ፌራዮውን (ብረት ቆራጩንና አሳሪውን) ጠይቁት። 40 ሴንቲ ካለ 511 ይሆናል። አንድ ፌሮ 12 ሜትር ነው። ሁለት ቀለበት 10 ሜትር ከ22 ይወስዳል፤ 1 ሜትር ከ78 ይተርፋል፤ መሃሉን ለሚያቋርጡት ዘንጎች ይሆናል።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ይመጣል። ሬዲየሱን 2 ሴንቲ ብታሳስቱ ዙሪያው 12 ሴንቲ ተኩል ይሳሳታል። ብረት ከመቆረጡ በፊት ሬዲየሱ ሁለቴ ይለካ። ከሁሉም በላይ ለፌራዮው «75» ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። እሱ «ከዳር እስከ ዳር 75» ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ ያኔ የቀለበቱ ብረት ግማሹን ብቻ ይሆናል። «ከመሃል እስከ ዳር 75፣ ከዳር እስከ ዳር 150፣ ዙሪያው 471» ብላችሁ ሦስቱንም ወረቀት ላይ ጻፉለት። ሦስቱ ቁጥሮች እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፤ አንዱ ቢሳሳት በሁለቱ ይጋለጣል።

7. ኮንክሪቱ

ይህ አጭር ነው። ስፋቱ 3.14 × ሬዲየስ × ሬዲየስ ነው። በሜትር፦ 3.14 × 0.8 × 0.8 = 2 ካሬ ሜትር ገደማ። ውፍረቱ 20 ሴንቲ ከሆነ 0.4 ሜትር ኩብ ኮንክሪት። ጥንቃቄው አንድ ነው፦ በሬዲየስ ፈንታ ዲያሜትር ካስገባችሁ መልሱ አራት እጥፍ ይወጣል። በዛሬ የሲሚንቶ ዋጋ ይህ ቀልድ አይደለም። ስታፈሱ ከላይ በውሃ ልክ አስተካክሉ፤ ያዘነበለ መሠረት ላይ ሮቶው ሙሉ ክብደቱን ወደ አንድ ጎን ይጥላል። በየቀኑ ውሃ አጠጡት።

8. መሃሉን እንደገና ማግኘትና ሮቶውን ማስቀመጥ

ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ የመሃል ችካሉ የለም። ሮቶው ግን ልክ መሃል ላይ መቀመጥ አለበት። ቀጥ ያለ ማዕዘን ያለው ሰፊ ነገር አምጡ፤ ያልተቆረጠ 1 በ2 ሜትር ላሜራ ይሆናል። መሠረቱ ላይ አጋድሙትና ማዕዘኑን ልክ ዳሩ ላይ አድርጉ። የላሜራው ሁለት ጎኖች ወደ ውስጥ ሄደው ዳሩን ሌላ ሁለት ቦታ ያቋርጣሉ። ሁለቱን ቦታዎች በጠመኔ ምልክት አድርጉና በሲባጎ አገናኟቸው። ይህ መስመር ዲያሜትር ነው። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ከሆነና ዳሩ ላይ ካረፈ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ላሜራውን ሌላ ቦታ አዙራችሁ ድገሙት። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት መሃሉ ነው። ከዚያ ነጥብ እስከ ዳሩ በየአቅጣጫው 80 ሴንቲ መሆኑን አረጋግጡ። ድሮ የተሠራ፣ ልኩ የጠፋ ክብ መሠረት ያላችሁም በዚሁ መንገድ መሃሉን ታገኛላችሁ።

አሁን መሃሉ ላይ አንድ ሰው ሽቦውን በጣቱ ይጫን፣ ሌላው በ65 ሴንቲ በጠመኔ ክብ ይሳል። ሮቶው የሚቀመጠው እዚያ ክብ ላይ ነው። ባዶ ሳለ ሁለት ሰው ያነሳዋል፤ ከሞላ በኋላ ማንም አያንቀሳቅሰውም። ስለዚህ ቧንቧው ከመገጠሙ በፊት ከሮቶው ዳር እስከ መሠረቱ ዳር በአራት በኩል ለኩ፤ አራቱም ጋ 15 ሴንቲ ከሆነ መውጫውን ወደ ቤቱ አዙራችሁ ግጠሙና ውሃ ልቀቁበት።